ሴንትሪፊውጅ ብቻ አይደለም፦ ለየትኛው አይሶቶፕ የትኛው የመለያ ዘዴ ይሻላል?

ዜና ላይ ማበልጸግ፣ ማለትም ከአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች (ክብደታቸው ከሚለያይ ዓይነቶቹ) የሚፈለገውን ለይቶ ማብዛት፣ ሲባል ወዲያው ዓይናችን ላይ የሚመጣው ኢራን፣ ዩራኒየምና በተርታ የቆሙ፣ ጋዝ በኃይል የሚያሽከረክሩ ረጃጅም ሴንትሪፊውጆች ናቸው። አይፈረድብንም። ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ግን ካንሰር ለመመርመር ፔት ስካን ከሚያነሳ ሆስፒታል ጀርባም የተበለጸገ ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ውኃ ነው፣ ሴንትሪፊውጅ በአጠገቡ አላለፈም። የጨጓራ ባክቴሪያ በትንፋሽ ሲመረመር ታካሚው የሚጠጣው ነገር ውስጥ ያለው ካርቦንም የተበለጸገ ነው። ሩሲያ ውስጥ ዱብና በሚባለው የምርምር ከተማ አዳዲስ ከባድ ንጥረ ነገሮች የተፈጠሩበት ካልሲየም ደግሞ የተለየው በ1940ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተፈለሰፈ ማሽን ነው።

ስለዚህ «ምርጡ ዘዴ የቱ ነው?» ለሚል ሰው መልሴ መልሶ ጥያቄ ነው። የምን? ስንት ግራም? ጋዝ መሆን ይችላል ወይ? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ዘዴው ራሱ ይመረጣል፤ የእኛ ምርጫ የሚባለው ነገር ብዙም አይቀርም። አዲስና ዘመናዊ መሆኑ ደግሞ ከምናስበው በታች ነው የሚያገለግለው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዩራኒየምን እዚህ የማነሳው ለማነጻጸሪያና ለታሪኩ ነው። እሱን ማበልጸግ የመንግሥታትና የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ለሕክምና፣ ለእርሻና ለምርምር የሚውለው ሌላው ወገን ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙም አይወራለትም።

ለምን ይከብዳል?

አይሶቶፖች የአንድ ንጥረ ነገር ወንድማማቾች ናቸው። ፕሮቶናቸው እኩል ነው፣ የኒውትሮን ቁጥራቸው ይለያያል። ኦክስጅን-16 እና ኦክስጅን-18 ሁለቱም ኦክስጅን ናቸው፤ ሁለቱም ብረት ያዝጋሉ፣ ሁለቱም ይተነፈሳሉ። ኬሚስትሪ እጅግ ጥቃቅን ከሆነ ልዩነት በቀር አይለያቸውም። ጨውን ከአሸዋ ለመለየት ውኃ ይበቃል፣ አንዱ ይሟሟል አንዱ ይቀራል። እዚህ ግን አንዱ ሲሟሟ ሌላውም ይሟሟል።

የቀረን ክብደት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ዙር የሚገኘው ልዩነት ደግሞ የሚያስቅ ነው። ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የሚባለው ጋዝ በጥቃቅን ቀዳዳ ሲያልፍ ዩራኒየም-235 የያዘው ከዩራኒየም-238ቱ ጋር ሲነጻጸር የሚፈጥነው 1.0043 እጥፍ ብቻ ነው፣ ከግማሽ ከመቶ በታች። ስለዚህ ያንኑ ሥራ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፦ የአንዱ ዙር ውጤት ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ የተራቆተው ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ሰንሰለት ካስኬድ ይባላል፤ የዘዴዎቹም ወጪ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰንሰለቱ ስንት ደረጃ እንደሚፈልግና እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች፣ ለእኔ ግን የምርጫው ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። አፍልቶ መለየት፣ ኬሚካዊ ልውውጥና በቀዳዳ ማሳለፍ የክብደቱን ልዩነት የሚያዩት ከጠቅላላው ክብደት አንጻር ነው። ሃይድሮጂን 1 ሲሆን ከባዱ ሃይድሮጂን ዲዩተሪየም 2 ነው፣ እጥፍ። ኦክስጅን 16 እና 18፣ ልዩነቱ ከስምንት አንድ እጅ ነው። ዩራኒየም ላይ ግን 235 እና 238፣ አንድ ከመቶ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ንጥረ ነገሩ እየከበደ ሲሄድ እነዚህ ዘዴዎች እየደከሙ ይሄዳሉ። ሴንትሪፊውጅ የሚያየው ግን ልዩነቱን ራሱን ነው። ሦስት ከሆነ ሦስት ነው፤ ከ40 ላይም ይሁን ከ238 ላይ ግድ አይሰጠውም። ለዚህ ነው ለቀላሎቹ ንጥረ ነገሮች የድሮዎቹ ዘዴዎች ዛሬም ያልተነቀነቁት፣ ለከባዶቹ ደግሞ ሴንትሪፊውጅ የነገሠው።

አፍልቶ መለየት፦ ለኦክስጅን-18 እና ለካርቦን-13

ሐሳቡ የአረቄ አወጣጥ ነው። ቶሎ የሚተነው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከበድ ያለው ታች ይቀራል። ኦክስጅን-18 ያለበት ውኃ ከተራው ውኃ በጥቂቱ ዘግይቶ ይተናል፤ እጅግ በጥቂቱ፣ ግማሽ ከመቶ ገደማ። በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን-18 ደግሞ 0.2 ከመቶ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሆስፒታል የሚፈልገው 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ጋ ለመድረስ ረጃጅም ማማ፣ ብዙ እንፋሎትና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፋብሪካው ተከፍቶ የመጀመሪያው ምርት እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። አንዴ ከተረጋጋ በኋላ ግን ሌት ተቀን ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ የሚመርዝ ነገር የለውም።

በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ይህን ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው፣ ተራ ውኃን ደጋግሞ በማፍላት። ጃፓኖቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል፦ ኦክስጅኑን ራሱን አቀዝቅዘው ፈሳሽ ካደረጉ በኋላ ያንን ፈሳሽ ይለያሉ። ሁለቱም ያዋጣል።

ለምን ይሄ ሁሉ ልፋት? ሳይክሎትሮን (ቅንጣቶችን የሚያፈጥን ማሽን) ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን-18 ውኃ በፕሮቶን ሲደበደብ ፍሎሪን-18 ይወጣል። ያ ከስኳር ጋር ተያይዞ ታካሚው ደም ውስጥ ይገባል፣ ስኳር የሚያሳድድ ዕጢ ካለ ፔት ስካኑ ላይ ይበራል። የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 110 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ራቅ ካለ አገር አስመጥቶ ማስቀመጥ አይታሰብም፣ ሳይክሎትሮኑ ቅርብ መሆን አለበት። ውኃው ግን ራዲዮአክቲቭ አይደለም፣ በጠርሙስ ታሽጎ ከየትም አገር ይመጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነገር ላጥራው። መለየት ራዲዮአክቲቭ ነገር መሥራት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው የረጋ፣ ጨረር የሌለው አይሶቶፕ ነው። እሱ ዒላማ ይሆናል፣ ራዲዮአክቲቩ ነገር የሚሠራው በኋላ፣ ሬአክተር ወይም ሳይክሎትሮን ውስጥ ነው።

ካርቦን-13ም የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው፣ ግን ከካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ አካባቢ ተቀዝቅዞ። በተፈጥሮ ካለው ካርቦን 1.1 ከመቶው ካርቦን-13 ነው፤ ከኦክስጅን-18 ጋር ሲነጻጸር ጥሩ መነሻ ነው። ጋዙ መርዛማ ነው፣ ቅዝቃዜውም ዋጋ ያስከፍላል፤ ያም ሆኖ ለብዛት ምርት ዛሬም ቀዳሚው እሱ ነው። ከጥቅሞቹ አንዱ ለእኛ ሩቅ አይደለም፦ የጨጓራ ባክቴሪያው የኤች ፓይሎሪ ምርመራ። ታካሚው ካርቦን-13 ያለበት ዩሪያ ይጠጣል። ባክቴሪያው ጨጓራ ውስጥ ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፣ ካርቦኑ በደም አድርጎ በትንፋሽ ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ትንፋሹ ተለክቶ ይታወቃል። በካርቦን-14 የሚሠራም አለ፣ እሱ ጥቂት ጨረር አለው። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ካርቦን-13 የሚመረጠው ለዚህ ነው። ልዩነቱ መድኃኒቱ ላይ አይደለም፣ ከየት እንደመጣ ላይ ነው፦ ካርቦን-14 ሬአክተር ውስጥ ይሠራል፣ ካርቦን-13 ከተፈጥሮ ይለያል።

ተፈጥሮ ራሷ ይህን ሥራ ያለ ማሽን ትሠራዋለች። ደመና ዝናቡን እያወረደ በሄደ ቁጥር ከባዱ ውኃ ቀድሞ ይወርዳል፤ ስለዚህ ተራራ ላይ የሚዘንበው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። አዲስ አበባ ግን ወጣ ያለች ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ዝናቧ ለዚህ ከፍታ ከሚጠበቀው ይልቅ በከባድ አይሶቶፖች የበለጸገ ነው። ተመራማሪዎች ነገሩን ከየብስ ደግሞ ተንኖ ከሚመጣ እርጥበት ጋር፣ ለምሳሌ ከኮንጎ ተፋሰስ ከሚመጣው ጋር ያያይዙታል። ዕፅዋትም እንዲሁ ይመርጣሉ። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ካርቦን-13 ትንሽ በዛ ብሎ ይገኝባቸዋል፤ የጥንት አጥንት የሚያጠኑ ሰዎች ባለቤቱ የትኛውን ወገን ይበላ እንደነበር የሚገምቱት ከዚህ ነው።

ኬሚካዊ ልውውጥ፦ ለዲዩተሪየም፣ ለናይትሮጅን-15፣ ለቦሮን-10

ኬሚስትሪ አይለያቸውም ብያለሁ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ሁለት ውህዶች ተገናኝተው አተሞች ሲለዋወጡ ከባዱ አይሶቶፕ አንደኛውን ጎን ትንሽ ይመርጣል። ቀላል ንጥረ ነገር ላይ ይህ ምርጫ ይሰማል፣ ሃይድሮጂን ላይ ደግሞ ትልቅ ነው።

ዲዩተሪየም ከ6,400 የሃይድሮጂን አተሞች አንዱ ገደማ ነው። ሃሮልድ ዩሪ በ1931 አገኘው፣ በ1934 ኖቤል ተሸለመበት። በዚያው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ ቬሞርክ ላይ ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ ከባድ ውኃ (ሃይድሮጂኑ ዲዩተሪየም የሆነ ውኃ) ለገበያ ማምረት ጀመረ። ነገሩ ተራ ነበር፦ ኩባንያው ለማዳበሪያ የሚሆን ሃይድሮጂን ለማግኘት ውኃን በኤሌክትሪክ ይሰባብራል፣ ቀላሉ ሃይድሮጂን ቶሎ ይወጣል፣ የቀረው ውኃ እየከበደ ይሄዳል። የፏፏቴው ኃይል ርካሽ ስለነበር አዋጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ፋብሪካውን ያዙት፤ የኖርዌይ ኮማንዶዎች በየካቲት 1943 ከባድ ውኃ የሚያወጣውን ክፍል በፈንጂ አፈረሱት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የቀረውን ከባድ ውኃ የጫነችው ጀልባ ሐይቅ ላይ ሰጠመች።

ኤሌክትሪክ ርካሽ ካልሆነ ግን ይህ መንገድ አይታሰብም። ካናዳዎቹ በከባድ ውኃ ለሚሠሩት ካንዱ ለተባሉ ሬአክተሮቻቸው በሺህ ቶን ሲያስፈልጋቸው የሄዱት በውኃና በሃይድሮጂን ሰልፋይድ ልውውጥ ነው። አንዱ ማማ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ፤ ዲዩተሪየሙ በሙቀቱ ልዩነት ከጋዙ ወደ ውኃው ይሰበሰባል። ለብዛት ምርት ከዚህ የሚወዳደር የለም፣ ችግሩ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ገዳይ ጋዝ መሆኑ ነው። በጥቂቱ ሲያመልጥ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው ራሱ ይጠፋል። ዲዩተሪየም ዛሬ ከሬአክተር ውጭም ገበያ አለው፦ ለኤንኤምአር (የሞለኪውል መዋቅር መመርመሪያ) ማሟሚያ፣ ለአንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለኦሌድ ስክሪን ሳይቀር።

ናይትሮጅን-15 የሚወጣው በናይትሪክ አሲድና በናይትሪክ ኦክሳይድ ልውውጥ ነው፣ ከ0.37 ከመቶ ተነስቶ። የግብርና ተመራማሪዎች ይወዱታል። ማሳ ላይ የተበተነው ዩሪያ ስንቱ ሰብሉ ውስጥ ገባ፣ ስንቱ አፈሩ ውስጥ ቀረ፣ ስንቱ በነነ? በሌላ መንገድ ይህን በቀጥታ መለካት ከባድ ነው፤ ማዳበሪያው ናይትሮጅን-15 ካለበት ግን ዱካው ይታያል። ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ በሚገዛበት ዘመን ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። መልካሙ ነገር ለእንዲህ ያለ የማሳ ሙከራ 98 ከመቶ ንጹሕ አያስፈልግም፣ 5 ወይም 10 ከመቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ቦሮን-10 ላይ ብዙ አልቆይም። በተፈጥሮ 20 ከመቶ ገደማ ስለሆነ መነሻው ምቹ ነው፣ ኒውትሮን በመዋጥ የታወቀ ነው፣ ለሬአክተር መቆጣጠሪያና ለአንድ የካንሰር ሕክምና ዓይነት ይውላል። ሊቲየም ግን ሌላ ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1950ዎቹ ኦክ ሪጅ በተባለው የኑክሊየር ማዕከሏ ላይ ሊቲየምን በሜርኩሪ ስትለይ በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ሜርኩሪ ወደ አካባቢው ወጣ። ሥራው በ1963 ቆመ፣ ወንዙን የማጽዳቱ ጣጣ ግን ዛሬም አላለቀም። የሚገርመው የግፊት ውኃ ሬአክተሮች ዝገት እንዳይበላቸው ንጹሕ ሊቲየም-7 ይፈልጋሉ፣ አሜሪካም እሱን ከሩሲያና ከቻይና ስትገዛ ኖራለች። ዘዴ ስትመርጡ ምርቱን ብቻ አትዩ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ምን ትቶ እንደሚሄድም እዩ።

በቀዳዳ ማሳለፍ፦ ታሪክ ነው

ኬ-25 የተባለው የኦክ ሪጅ ፋብሪካ በ1945 ሥራ ሲጀምር በዓለም ላይ ከነበሩት ሕንፃዎች ትልልቆቹ መካከል ነበር። ዘዴው ይሠራል፣ ግን ኤሌክትሪክ ይጨርሳል። ፈረንሳይ ትሪካስታን ላይ የነበረው ዦርዥ ቤስ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በአጠገቡ ካሉት 4 ሬአክተሮች የ3ቱን ያህል ኃይል ይውጥ ነበር። ሴንትሪፊውጅ ለዚያው ሥራ 50 እጥፍ ገደማ ያነሰ ይበላል። የፈረንሳዩ በ2012 ተዘጋ፣ አሜሪካ ፓዱካ ያለው በ2013። ማንም አዲስ አይሠራም፣ እናንተም አትመልከቱት። በሙቀት ልዩነት የሚለየው ዘመዱ፣ ክሉዚየስና ዲክል በ1938 ያወጡት፣ ለኒዮንና ለአርጎን ዓይነት ጋዞች በትንሽ ላብራቶሪ መጠን ብቻ ቦታ አለው፤ አሠራሩ ግን ደስ ይላል፣ መሐሉ የጋለ ረጅም ቱቦ ብቻ ነው።

ሴንትሪፊውጅ

አሜሪካዊው ጄሲ ቢምስ በ1930ዎቹ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሎሪንን በሴንትሪፊውጅ ለይቷል። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ግን ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነው፤ ምርኮኛ የነበረው ኦስትሪያዊ ጌርኖት ዚፔ ወደ አገሩ ሲመለስ እውቀቱን ይዞ ወጣ። በ1970 እንግሊዝ፣ ሆላንድና ጀርመን የአልሜሎ ስምምነትን ፈረሙ፣ ዩራኒየም የሚያበለጽገው ኩባንያ ዩሬንኮ የቆመው በዚያ ነው። በሆላንዷ ከተማ አልሜሎ ውስጥ ዩራኒየም ብቻ እንደማይሽከረከር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ለሆስፒታልና ለምርምር የሚሆኑ የረጉ አይሶቶፖችን የሚለይ ራሱን የቻለ ክፍል አለ።

የሴንትሪፊውጅ ሕግ አንድ ነው፦ ጋዝ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ዜነን ራሱ ጋዝ ነው፣ ችግር የለም። ሞሊብዲነም፣ ጀርማኒየም፣ ሲሊከን፣ ሰልፈር፣ ቱንግስተን ከፍሎሪን ጋር ሲያያዙ ጋዝ ይሆናሉ፣ ወይም በቀላሉ ይተናሉ። እዚህ ላይ ፍሎሪን ያደረገልን ውለታ አለ። በተፈጥሮ ያለው አንድ አይሶቶፕ ብቻ ነው፣ ፍሎሪን-19። ስለዚህ የጋዙ ክብደት ልዩነት የሚመጣው ከምንፈልገው ንጥረ ነገር ብቻ ነው። በክሎሪን ብንሞክረው 35 እና 37 ተደባልቀው ሥራውን ያበላሹት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ምርት ብዙ ነው። ሞሊብዲነም-100 በሳይክሎትሮን ቴክኒሺየም-99ኤም ይሆናል፤ እሱ በኑክሊየር ሕክምና ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ነው። ዜነን-124 ከዜነን ውስጥ 0.1 ከመቶ እንኳ አይሞላም፣ አዮዲን-123 የሚሠራው ግን ከእሱ ነው። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከመሬት በታች የተደረገ ኤክሶ-200 የተባለ፣ ኒውትሪኖ የተባለውን ጥቃቅን ቅንጣት የሚያጠና ሙከራ 200 ኪሎ ግራም የተበለጸገ ዜነን-136 ሰብስቦ ነበር። ኪሎ! ሌላ ዘዴ ይህን መጠን በዚህ ዋጋ አያወጣም። በ2019 የኪሎግራም ትርጉም ሲቀየር ከማስረጃዎቹ አንዱ የነበረው ያ የሚያብረቀርቅ የሲሊከን ኳስም 99.99 ከመቶ ሲሊከን-28 ነበር፣ ሩሲያ ውስጥ በሴንትሪፊውጅ የተለየ።

አንዳንዴ የሚፈለገው ማብዛት ሳይሆን ማስወጣት ነው። የሬአክተር ውኃ ውስጥ ጥቂት ዚንክ ሲጨመር ጨረር ያለው ኮባልት-60 ቱቦ ላይ እንዳይጣበቅ ያግዛል፣ ሠራተኛው የሚደርሰው ጨረርም ይቀንሳል። ግን የተፈጥሮ ዚንክ ግማሽ ያህሉ ዚንክ-64 ነው፣ እሱ ኒውትሮን ሲውጥ ዚንክ-65 ሆኖ ራሱ ጨረር ይሆናል። ስለዚህ ዚንክ-64 አስቀድሞ ይወጣለታል። ከሴንትሪፊውጅ የረጉ ምርቶች መካከል በብዛት ከሚሸጡት አንዱ ይህ የተራቆተ ዚንክ ነው።

ጋዝ ለመሆን እንቢ የሚሉትስ?

ካሉትሮን። ኧርነስት ሎውረንስ በበርክሌይ የሠራው ግዙፍ ማሽን ነው። ንጥረ ነገሩ ይተንና ኤሌክትሪክ ይሞላል፣ በማግኔት መካከል ይወረወራል፣ ቀላሉ በጠባቡ ይታጠፋል፣ ከባዱ በሰፊው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኪስ ውስጥ ይወድቃል። በአንድ ዙር ብቻ ሌላው በሺህ ደረጃ የማያገኘውን ያገኛል። በጦርነቱ ጊዜ ኦክ ሪጅ ላይ ለማግኔቶቹ መዳብ ስላልተገኘ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት ከ13,000 ቶን በላይ ብር ተበደሩ፣ የመጨረሻው የተመለሰው በ1970 ነው።

ጥሩ ጎኑ አይመርጥም፦ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ካሉት አብዛኛውን ይለያል። መጥፎ ጎኑ ቀርፋፋ ነው። በሚሊ ግራምና በግራም ነው የሚቆጠረው፣ ከሚጫነው ጥሬ ዕቃም አብዛኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ተፍቆ መልሶ ይጫናል። ስለዚህ ዋጋው ሰማይ ነው። ካልሲየም-48 በተፈጥሮ 0.19 ከመቶ ገደማ ነው፣ ካልሲየም ደግሞ ለሴንትሪፊውጅ የሚመች ጋዝ የለውም። ኡራል ውስጥ ሌስኖይ በሚባል ከተማ በካሉትሮን ይወጣል፣ አንድ ግራሙ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል። ዱብና ላይ ከቁጥር 114 እስከ 118 ያሉት ንጥረ ነገሮች የተፈጠሩት በዚህ ካልሲየም ነው።

አሜሪካ የድሮ ካሉትሮኖቿን በ1998 ዘጋች፤ ገበያው አነስተኛ ነው፣ ከሩሲያ ይገዛል ተባለ። ለዓመታት የሠራ ሒሳብ ነው፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረችበት ከ2022 በኋላ ግን ሁሉም ተሯሯጠ። እንደ እኔ ያ ውሳኔ የዋጋ ንጽጽር ብቻ አይቶ ዘዴ መምረጥ የት እንደሚያደርስ ያሳያል።

ሌዘር፦ ተስፋውና ሒሳቡ

እያንዳንዱ አይሶቶፕ የሚውጠው ብርሃን ቀለሙ በፀጉር ያህል ይለያል። ሌዘሩን በትክክል ካስተካከላችሁት የምትፈልጉት አተም ብቻ ይነቃል፣ ሌላው አልሰማም ይላል። ወረቀት ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ግን አሜሪካ ለዩራኒየም ያቋቋመችው የሌዘር ፕሮግራም ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት በ1999 ተቋረጠ። ሲሌክስ የተባለው የአውስትራሊያ የሌዘር ዘዴም ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ችግሩ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሌዘሩን እንደ አዲስ ማውጣት ግድ መሆኑ ነው። ሴንትሪፊውጁ ለሞሊብዲነምም ለጀርማኒየምም ያው ዓይነት ነው፣ ሌዘሩ ግን ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም።

የሚያዋጣበት ቦታ ግን ግልጽ ሆኗል፦ ጋዝ የማይሆን፣ በካሉትሮን የሚገኘው ደግሞ የማይበቃ ንጥረ ነገር። ይተርቢየም-176 እዚህ ነው ያለው፣ ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሉቴሲየም-177 ከእሱ ይሠራል። ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ውስጥ ኤኤስፒ አይሶቶፕስ የተባለው ኩባንያ ይተርቢየምን በሌዘር ለመለየት ፋብሪካ ገንብቷል። አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ደስ ብሎኛል፣ ምን ያህል ያወጣል የሚለውን ወደፊት እናያለን።

እንግዲህ ምን ልያዝ?

ፔት ስካን ልትጀምሩ ከሆነ ስለ ኦክስጅን-18 ውኃ ንጽሕና ስትደራደሩ ፐርሰንቱን ብቻ አትጠይቁ። 97 ወይስ 98 የሚለው ክርክር ከኬሚካል ንጽሕናው በታች ነው፤ ትንሽ የብረት ወይም የኦርጋኒክ ቆሻሻ ምርቱን ያበላሸዋል። ያገለገለውን ውኃ መልሶ የሚወስድ ሻጭም አለ፣ ጠይቁ።

ለማሳ ወይም ለምግብ ጥናት ከሆነ ዝቅተኛውን ማበልጸጊያ ደረጃ ፈልጉ። መለኪያ ማሽናችሁ ጥሩ ከሆነ ትንሽ ልዩነት ያያል፤ ገንዘቡን ናሙና ለማብዛት አውሉት። መቶ ተክል በ5 ከመቶ ከአምስት ተክል በ98 ከመቶ ይሻላል።

በኪሎ የምትፈልጉ ከሆነና ንጥረ ነገሩ ከፍሎሪን ጋር የሚተን ከሆነ ሴንትሪፊውጅ ነው፣ ሌላ አታስቡ። ግን ምርቱ በምን መልክ እንደሚመጣላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከማሽኑ የሚወጣው ፍሎራይድ ነው፤ ብረት ወይም ኦክሳይድ ከፈለጋችሁ መቀየሪያው ለብቻው ይከፈላል፣ በመቀየሩም መሐል የሚባክን አለ። በሚሊ ግራም ከሆነና ንጥረ ነገሩ አስቸጋሪ ከሆነ ካሉትሮን ነው፣ ወረፋ መጠበቅ አለ።

ሉቴሲየም ላይ ግን ምርጫ አለ፣ ቆም ብሎ ማሰብም ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ሉቴሲየም-176ን አበልጽጎ ሬአክተር ውስጥ መክተት ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን አብሮ የሚወጣ ሉቴሲየም-177ኤም አለ፣ ግማሽ ዕድሜው 160 ቀን ገደማ። ሕክምናው ግማሽ ዕድሜው ከ7 ቀን በታች በሆነ ነገር ይሰጣል፣ የሆስፒታሉ ቆሻሻ ግን ለወራት ጨረር ይዞ ይቀመጣል። ሁለተኛው በይተርቢየም-176 በኩል ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከሬአክተር ከወጣ በኋላ ሉቴሲየሙን ከይተርቢየሙ በኬሚስትሪ መለየት አለ፣ ሁለቱ ጎረቤት ስለሆኑ ሥራው ያስቸግራል፣ የሚገኘው ግን ያ ጉድፍ የሌለበት ነው። የጨረር ቆሻሻ ማስቀመጫው ጠባብ ለሆነ ሆስፒታል ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ፤ ማስቀመጫ ያለውና በጀቱ ያጠረው ደግሞ አንደኛውን ይዞ የቆሻሻ መዝገቡን በደንብ ይያዝ።